ወፍጮ ቤቱ ሲራጅና የስልክ ጎረቤቶቹ

ከሚሴ ውስጥ ሲራጅን የሚያውቅ ሁሉ ዝምተኛ ሰው ነው ይላል። ሐሜት አይደለም፤ ግን ልክም አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወፍጮ ጎን የቆመ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መጮህ፣ ወይ ዝም ማለት። ሲራጅ ጉሮሮውን ስለሚወድ ዝም አለ። ደንበኛ ማሽላዋን ይዛ ስትመጣ በአገጩ ሚዛኑን ያሳያታል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ካሻሸ «ይድቀቅ ወይስ ሻከር ይበል?» ማለቱ ነው። መዳፉን ወደ ውጭ ከመለሰ ደግሞ «ተራሽን ጠብቂ» ማለቱ ነው፤ ይህችኛዋን ምልክት ከሁሉ አብልጦ ይጠቀምባታል።

ቤት ሲገባም ያው ነው። ባለቤቱ ቶይባ ምሳ ታቀርባለች፤ ይበላል፤ እጁን ይታጠባል፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ምስጋናው ወደ ላይ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ቶይባ ጋ የሚያርፍ የለም። ከተጋቡ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ምግቧ የሰጣት አስተያየት ቢሰበሰብ አንድ የክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ ያውም ግማሹ «በርበሬ አለቀ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ነው።

የተወለደው ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አባቱ ሸለቆው ውስጥ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ፣ ከሰው ይልቅ ከብት የሚቀናቸው ገበሬ ነበሩ። ልጁ ግን ከበሬ ኋላ መሄድ አልሆነለትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሚሴ ገብቶ የአንድ ሽማግሌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። አሥር ዓመት አወረደ። ሽማግሌው ዓይናቸው ሲደክም ወፍጮውን ለሱ ለቀቁለት። ከዚህ ውጭ የሚነገርለት ታሪክ የለም። አልተሰደደም፣ አልታሰረም፣ ሎተሪ አልወጣለትም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን በዝና ምክንያት ይቸገራል ብሎ የጠረጠረ ቢኖር ከሚሴ ውስጥ ጠንቋይ ተብሎ ይጠራ ነበር።

ችግሩ የመጣው በልጁ በኩል ነው። ሚስራ ኮምቦልቻ መምህርት ናት። ለዒድ ስትመጣ አዲስ ስልክ ይዛ ስለነበር አሮጌውን ለአባቷ ሰጠችው። ጥጉ ላይ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ስልክ ነው። ቴሌግራም ከፈተችለትና «የስልክ ጎረቤቶች» የሚባል ቡድን ውስጥ አስገባችው።

«አባ፣ እዚህ ፖለቲካ የለም፣ የሃይማኖት ክርክር የለም፣ ንግድም የለም» አለችው። «ሰው ስለሚወደው ምግብ፣ ስለ ቤት እንስሳውና ስለ ውሎው ነው የሚያወራው።»

ሲራጅ ፖለቲካም ክርክርም ንግድም ከሌለ ሰው ምን ሊያወራ ቀረው ብሎ ገረመው። ስልኩን ግን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ቡድኑ አራት መቶ ሠላሳ አባላት ነበሩት። የሚበዙት አዲስ አበባ፣ የቀሩት አዳማና ሐዋሳ የሚኖሩ ናቸው። ሁሉም እርስ በርስ «ቤተሰብ» ይባባላሉ፤ ፊት ለፊት የተያዩ ግን በጣት ይቆጠራሉ። የቡድኑ ኃላፊ ጀነት የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ናት። በየማለዳው የአበባ ሥዕል ትልክና የዕለቱን ጥያቄ ታወጣለች። «ውድ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» ትላለች። ይኸኔ ሕዝብ ቆጣሪ በሩ ላይ የቆመበት ይመስል ሁሉም መልሱን ይሰጣል። አንዱ ዳቦ በላሁ ይልና የዳቦ ፎቶ ይልካል። ለዳቦው ስልሳ ሰባት ሰው የልብ ምልክት ያደርግለታል። ጋጋሪው በሕይወት ዘመኑ አንድ ልብ እንኳ አግኝቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሲራጅ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ አየ። ጊዜ አልቸገረውም። ከሚሴ ላይ ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ሰውን ከመንገድ ስለሚሰበስበው ወፍጮ ቤቱ ጭር ይላል፤ መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ጭራሽ ሥራ የለም። አንድ ቀትር ላይ የጀነት ጥያቄ «የቤት እንስሳችሁ ማን ይባላል?» የሚል ሆነ። ሹራብ የለበሱ ውሾች መጡ። ትራስ ላይ የተጋደሙ ድመቶች መጡ። አንዲት ሴት ዓሣዋ ከትናንት ጀምሮ እንደከፋት ጻፈችና ሠላሳ ሰው አጽናናት። «የቸኮላት አባት» የሚባል አባል ነበር፤ ሲራጅ እስከዚያ ቀን ድረስ የከረሜላ ነጋዴ መስሎት ነበር። ቸኮላት ውሻው ናት።

ሲራጅ ቀና ብሎ ባዶ ጆንያ ላይ የተኛችውን የወፍጮ ቤት ድመት አየ። የቤት እንስሳ እንኳ አትባልም፤ የሥራ ባልደረባ ናት። አይጥ ትይዛለች፣ በምትኩ አትባረርም። ፎቶ አነሳና ላካት። ጀነት ወዲያው ስሟን ጠየቀች። ድመት ስም እንደሚወጣላት ሰምቶ የማያውቀው ሲራጅ ሰፈሩ ሲጠራት የሚሰማውን ጻፈ፤ «አዱሬ»።

አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው።

«እንዴት ያለ ውብ ስም ነው» ብላ ጻፈች ጀነት። ሌላው ለሴት ልጁ ሊያወጣላት እንደሚያስብ አስታወቀ። የቸኮላት አባት ምን እንደምትመገብ ጠየቀ፤ የእሱ ቸኮላት ከውጭ በሚመጣ ምግብ ብቻ ስለምትኖር ሆዷን ያማታል። ሲራጅ አሰበና «ከዚሁ ከቤት የሚገኝ ትኩስ ሥጋ» ብሎ መለሰ። «ኦርጋኒክ ነዋ» አሉ። ኦርጋኒክ ምን እንደሆነ ሚስራን ደውሎ ጠየቃት፤ መድኃኒት ያልነካው ማለት ነው አለችው። ስለ ከሚሴ አይጦች ይህን ማረጋገጥ አይችልም ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ተከፈተ። ከማሽላ እንጀራ ጋር ወተት እንደሚወድ ጻፈ፤ የእንጀራውን ጤንነት የሚያብራሩ አሥራ አንድ ሰዎች ተነሡ። በልጅነቱ ከማሳ ላይ ጥንቅሽ ቆርጦ እየመጠጠ ከብት እንደሚጠብቅ ጻፈ፤ አንዷ አለቀስኩ አለች። በአፉ በዓመት የማይናገረውን በአንድ ቀትር በጣቱ ይናገር ጀመር። ማሽላ ይዛ የመጣች ሴት ግን ያው መዳፉን ነበር የምታየው።

ውሸቱ የተወለደው በስህተት ነው፤ ያደገው ግን በእንክብካቤ ነው። አንድ ቀን ቶይባ የሠራችውን ገንፎ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ እነሱ ቤት «ማርቃ» ነው የሚባለው። መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ፣ ዙሪያውን እርጎ አለበት። «ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ቤት የተሠራ ነው» ሊል ነበር። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ስልኩም የተሰነጠቀ ነው፤ «እኔ» የሚለው ብቻውን ሄደ። ቀሪውን ሊጽፍ ሲያጎነብስ ሠላሳ ልብ ደረሰው። አምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከማንም ልብ የተላከለት ሰው አልነበረም። ቀሪውን ሳይጽፈው ቀረ።

«ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ባልም አለ» አለች አንዷ። «ባለቤትዎ የታደለች ናት፣ ጋሽ ሲራጅ» አለች ጀነት። ሌሎች ሴቶች የየባሎቻቸውን ስም እየጠሩ ጽሑፉን ያሳዩአቸው ጀመር። በሳምንቱ «ሼፍ ሲራጅ» ተባለ። ሼፍ ሲራጅ በበኩሉ ክብሪት የሚጭረው መብራት ሲሄድ ብቻ ነበር።

ሁለት ወር ያህል በቶይባ እጅ ታዋቂ ሆኖ ኖረ። ከዚያ ጀነት መልእክት ላከችለት። ከቤተሰቡ አሥራ ሁለት ሰዎች ለእረፍት ወደ ሐይቅ ሊሄዱ ነው፤ መንገዳቸው በከሚሴ ያልፋል። ሼፍ ሲራጅን ሳያዩ፣ ገንፎውን ሳይቀምሱ፣ አዱሬንም ሳይዳብሱ ማለፍ ነውር ነው ብለው ተስማምተዋል። ቅዳሜ፣ ለምሳ። ሲራጅ መንገዱ ተዘግቷል ለማለት አሰበ። ግን የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ከሱ ውሸት ሰፊ ነው። ወሎዬ እንግዳ አይመልስም፤ «አሕለን፣ ቤታችሁ ነው» ብሎ ጻፈና በላብ ተነከረ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሲራጅ ራሱ ላይ ያለው ከተመለጠ ቆይቷል፤ የአፉን ያወቀው ያን ቀን ነው።

ለቶይባ የነገራት ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነው፤ ዓይኗ ካነባ በሽንኩርቱ ይሳበባል ብሎ። ሁሉንም ተናገረ፤ ስልኩንም ቡድኑንም፣ «እኔ» የምትለዋንም። በአንድ ቁጭታ ያን ያህል ሲያወራት ከሠርጋቸው ወዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ቶይባ መክተፏን አላቋረጠችም።

«ስንት ሰው ነው?» አለች።

«አሥራ ሁለት።»

«መልካም። ታዲያ ምን ልታበስልላቸው አሰብህ?»

ሲራጅ ቀልድ እንዲሆን ለመነ። ፊቷን ሲያየው ቀልድ አልነበረም።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ያንተ ቢጤ ነው፣ የሚስራ አባት» አለችው። «እጄን ወስደህ የራሴ ነው ብለሃል። እጁ ያንተ ከሆነ ሥራውም ያንተ ነው። እኔ እስከ ቅዳሜ ወፍጮውን እይዛለሁ፤ አንተ ወጥ ቤቱን ያዝ። አሳይሃለሁ እንጂ አላበስልልህም።»

እንዳለችውም አደረገች። እሑድ ማታ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለች፤ ሰኞ ጠዋት ማማሰያውን በእጁ አስጨበጠችው። የገንፎ ትምህርት አጭር ነው። ውሃ ጨው ተደርጎ ይፈላል፤ ዱቄት ይገባል፤ ይማሰላል። ሲራጅ እድሜ ልኩን ዱቄት ሲያመርት የኖረ ሰው ስለሆነ ዱቄት ይታዘዘኛል ብሎ ነበር። ዱቄቱ አላወቀውም። ሰኞ ጓጎለ። ማክሰኞ አረረ። ረቡዕ ማማሰያውን ሲያነሣ ድስቱም አብሮ ተጣብቆ እንደ ባርኔጣ ተንጠለጠለ። ጢሱ ዓይኑን ደም አስመሰለው፤ የእንፋሎቱ ፍንጣቂ ክንዱ ላይ ሦስት ነጠብጣብ ትቶ ሄደ። ከድስቱ ጋር ሲታገል ወገቡን ያዘውና ኩንታል ሲሸከም የማያመው ወገብ በግማሽ ኪሎ ዱቄት እንዴት እንደተረታ አልገባው አለ።

ቶይባ ለምሳ ስትመጣ ያቀረበላትን ትቀምሳለች። ሰኞ «ይኸ ለግድግዳ ይሆናል» አለችው። ማክሰኞ ቀምሳ ውሃ ጠጣች። ሐሙስ ሁለት ጉርሻ ከበላች በኋላ «ጥሬ ነው፤ ግን ገንፎነቱን አልካደም» አለችው። ያን ቀን ሲራጅ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በደስታ አሳለፈ፤ ለማን እንደሚነግረው ግን ቸገረው።

በወፍጮ ቤቱ በኩል የሚሰማው ወሬ ይበልጥ አስጨነቀው። ጎረቤታቸው ሰዓዲያ በአጥሩ ላይ ሆና እየነገረችው ነበር። ቶይባ ከገባች ወዲህ ወረፋው ይፈጥናል አሉ። ሰውን በመጣበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በያዘው እህል ለየችው፤ ማሽላ ያለው ከማሽላ ጋር፣ ጤፍ ያለው ከጤፍ ጋር። ስለዚህ በየሰው መካከል ወፍጮውን ማጥፋትና መጥረግ ቀረ። ሲራጅ ይህን ሲሰማ ድንች ይልጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አላሰበውም። ደግሞም ትጮሃለች አሉ፤ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብላ እያንዳንዷን ሴት ትጠይቃለች፤ ሴቶቹም እየጮኹ ይመልሱላታል፣ ይስቃሉ። መዳፍ የሚያሳይ የለም።

ቅዳሜ ደረሰ። አሥራ ሁለት የተባሉት ሦስት ሆነው በሚኒባስ መጡ። ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ ከዘጠኙ አንዱ ጉንፋን ይዞት፣ ሌላዋ የድመቷ ልደት ገጥሞባት፣ የቀሩት ደግሞ በልብ ምልክት ተሰናብተው ቀርተዋል። የመጡት ጀነት፣ አፍናን የምትባል ፎቶ የምታነሳ ልጅና የቸኮላት አባት ናቸው። ቸኮላትም ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳ በገዛ እግሯ መጥታለች። ወደ ቤት ውሻ እንደማይገባ ሲራጅ በጨዋ አማርኛ አስረዳ። የቸኮላት አባት የታሰረባትን ገመድ የግቢው ግራር ላይ አሰረው፤ እንደ ሰው ይቅርታ ጠየቃትና ገባ።

ጀነት ግን ገና ግቢ ውስጥ ናት። «አዱሬ! አዱሬዬ!» እያለች ትጣራለች። ሰዓዲያ በአጥሩ ብቅ አለች።

«የትኛዋን አዱሬ ነው የምትፈልጊው፣ እህቴ? የኛ አዱሬ አለች፣ የነ ረቢአ አዱሬ አለች፣ መስጊዱ ጋም ሁለት አዱሬ አለ።»

ጀነት በአድናቆት ወደ ሲራጅ ዞረች። ስሙ እዚህ አገር እንዲህ የተወደደ መሆኑን አላወቀችም ነበር አለች። ሲራጅም አዎ፣ የተለመደ ስም ነው አለ። ይህ በሁለት ወር ውስጥ ከተናገራቸው ሁሉ ንጹሑ እውነት ነበር።

የተፈለገችው አዱሬ በራሷ ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ አቅጣጫ መጣች። ግራሩ ሥር ሰማያዊ ልብስ የለበሰ እንስሳ አየች። እንዲህ ያለ ነገር በአገሯ ስለማይታወቅ ቀርባ አሸተተችው፣ አሰበችበት፣ ከዚያ አፍንጫው ላይ አንድ ጊዜ መታችው። ቸኮላት ገመዷን በጥሳ ሚኒባሱ ሥር ገባች። የቸኮላት አባት ሩብ ሰዓት ያህል መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲያባብላት ሹፌሩ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጨረሻ ምሳ ቀረበ። ከገንፎው ጋር ያዘጋጀው ቅቅል ደህና ነበር፤ ሥጋ በራሱ ጊዜ ይበስላል። ገንፎውን ሲራጅ በሁለት እጁ ይዞት ገባ። ቅቤው መሃል ላይ አለ፣ እርጎው ዙሪያውን አለ፤ ፎቶ ላይ ከቶይባ ገንፎ የሚለየው የለም። አፍናን ከላይም ከጎንም አነሳችው። ከዚያ ቀመሱ። የሦስቱም አፍ በአንድ ጊዜ ቀስ አለ። መሃሉ ላይ ደረቅ የዱቄት ድብልብል ነበረበት፤ ጥርስ ሥር ሲገባ ይፈነዳል። ጀነት «ልዩ ነው» አለች። የቸኮላት አባት «ይከብዳል… በጥሩ ጎኑ» አለ። አፍናን ማንሳቷን ቀጠለች፤ ካሜራ ፊት ላይ ካለ መብላት አይቻልም።

ቶይባ ይኸኔ ከወፍጮ ቤት መጣች። እስከ ቅንድቧ ዱቄት ነው። እጇን ታጥባ ከነሱ ጋር ተቀመጠች። ጀነት እጇን ያዘችና ስንት ሴት እንደቀናባት ነገረቻት። የእንዲህ ያለ ወንድ ሚስት መሆን ምን ስሜት እንዳለውም ጠየቀቻት።

«አዲስ ነው» አለች ቶይባ። «ገና እየለመድሁት ነው።»

ጀነት ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና የቡድኑ አባላት ሁሉ በቃላቸው የያዙት የሲራጅ ጽሑፍ እንዳለ ተናገረች፤ «የምትወዱት ምግብ እንዴት እንደሚጣፍጥ ግለጹ» የተባለ ቀን የጻፈው ነው። ሲራጅ ብድግ አለ። ሻይ ላምጣ አለ። ማንም አልሰማውም፤ ጀነት ማንበብ ጀምራለች።

«ገንፎ ሲሠራ በጆሮ ነው የሚቀመሰው። መጀመሪያ ውሃው ያወራል። ዱቄቱ ሲገባ እንደተቆጣ ሰው ይንተከተካል። ማማሰያው ሲያሸንፈው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል በሰለ። ከጓዳ ያን ዝምታ ስሰማ ነው እጄን ለመታጠብ የምነሣው። ክረምት ሲሆን ቅቤው ውስጥ ኮሰረት ይጨመራል፤ ሳይነገረኝ ከመዓዛው አውቃለሁ። ታምሜ ስተኛ ቀጠን ይደረግልኛል። ልጃችን ለሥራ ከቤት የወጣች ቀን የተሠራው ጨው በዝቶበት ነበር። ለምን እንደበዛ ስለማውቅ ጨርሼ በላሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ነው፤ አንድም ቀን ጠግቤው አላውቅም።»

ጀነት ስልኳን አስቀመጠችና ዓይኗን ጠረገች። አራት መቶ ሠላሳ ሰው ይህን አንብቧል። ከመካከላቸው አንድ እንኳ «ይደረግልኛል» የምትለው ቃል ላይ ቆሞ ማን ነው የሚያደርግልህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቶይባ ቆመችበት። ባሏን ማየት ትታ ስልኩን አየችው።

«ጨው እንደበዛበት አውቀህ ነበር?» አለች።

«አውቄ ነበር።»

«ሰባት ዓመቱ ነው። አላወቅህም ብዬ ነበር።» ዓይኗን ከስልኩ አነሣች። «ይኸን ሁሉ ለነሱ ብለህ፣ ለኔ ምነው አንዱን እንኳ?»

 ስልኩ እጁ ላይ ቢሆን ሲራጅ ምናልባት መልሱን ይጽፍላት ነበር። ወደ እንግዶቹ ዞረ። አፉ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ እየተንጫረረ ተናገረ።

«ያ የተጻፈው ስለ እሷ ገንፎ ነው። ፎቶውም የእሷ ነው፤ ሁሉም። የኔ ይኸ ነው» አለና ድብልብሉን በማንኪያ አሳያቸው። «ሰኞ ነው የጀመርሁት።»

ጀነት ፊቷ ቀላ። የቸኮላት አባት ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ከመጡ ወዲህ እንዲህ ዘና ሲል የታየው ያን ጊዜ ነው፤ መብላት እንዳለበት ግዴታ ተሰምቶት ኖሯል። አፍናን ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዲያው እውነተኛው ማርቃ እንዲቀርብ በትሕትና ለመነች፤ ቶይባ ብትሠራ እሷ ደረጃ በደረጃ ታነሳለች።

ቶይባ ተነሣች። ሲራጅ ወደ ጓዳ የምትሄድ መስሎት ምራቁን ዋጠ። እሷ ግን ሻሿን አጠበቀች።

«የጤፍ ወረፋ ትቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ሰው ቆሟል። እናንተ ብሉ፣ ቤታችሁ ነው። ቅቅሉ ምንም አይል።» እሱን አልፋ ስትወጣ ትከሻው ላይ በዱቄታም እጇ ነካ አድርጋው ሄደች። የአምስት ጣት ምልክት ኮቱ ላይ ቀረ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አላራገፈውም።

እንግዶቹ የቀረውን ቅቅል በልተው፣ መርቀው፣ ቸኮላትን ከሚኒባሱ ሥር በሹፌሩ ርዳታ አውጥተው ወደ ሐይቅ ቀጠሉ።

በማግሥቱ ሲራጅ ለቡድኑ እውነቱን ጻፈ። ሙሉ ቀትር ፈጀበት። መልሱ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። ዘጠኝ ሰዎች «ተታለልን» ብለው ወጡ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ በማግሥቱ ተመለሱ። መቶ ሃያ ሰው ለቅንነቱ ልብ ላከለት፤ በሁለት ወር ለውሸቱ ከተላከው በጣም ያንሳል። አንድ ሰው ቅንነትም ኦርጋኒክ ነው ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ጀነት «ሻይ ስትጠጡ ስኳሩን ታማስላላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?» ብላ ጠየቀችና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ሲራጅ ሰኞ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲሄድ ሴቶቹ ቶይባ የት አለች ብለው ጠየቁት። ማክሰኞም ጠየቁት። ረቡዕ አንዲት ከሮቢት የመጣች ሴት ቶይባ የምትገባበትን ቀን ንገሩኝ፣ በዚያ ቀን ልምጣ አለችው። ያን ቀን ምሳ ላይ፣ እጁን ሳይታጠብ በፊት፣ ሚስቱን ቀና ብሎ አየና ወጡ ጥሩ እንደሆነ ነገራት። ድምፁ ከወፍጮ ጋር የሚፎካከር ይመስል ጮኾ ነበር የወጣው፤ ሰዓዲያ ከአጥር ማዶ ማን ታመመ ብላ ጠየቀች።

አሁን በሳምንት ሦስት ጠዋት ወፍጮውን የምትይዘው ቶይባ ናት። በነዚያ ቀናት ምሳ የሚሠራው እሱ ነው። አይጣፍጥም። እሷም አይጣፍጥም ትለዋለች፤ ምን እንደጎደለው፣ መቼ መጨመር እንደነበረበት፣ ቅቤው ለምን እንደተንጣጣ አንድ በአንድ ታስረዳዋለች። እሱም ይከራከራታል። ሰዓዲያ እንደምትለው፣ ሁለቱ ሰዎች ሃያ ስድስት ዓመት የቆጠቡትን ወሬ በአንድ ዓመት ሊጨርሱት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ቀን እንኳ ጋደም የሚልበት ሰዓት አጥቷል።